ድምጽ ሰጥተን ሳንፈርም የቀረነው ስምምነት

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን፣ እንዴት ከረማችሁ? ሁሉ አማን ነው?

ብዙ ሳላንዛዛ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰኔ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ የኒውክሌር ጦር መሣሪያን ከነአካቴው የሚከለክል ስምምነት ለድምጽ ቀረበ። 122 አገሮች ደገፉት። ኔዘርላንድስ ብቻዋን ተቃወመች። ሲንጋፖር ድምጸ ተአቅቦ አደረገች። ከ122ቱ አንዷ እኛ ነን። ደግ አደረጋችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ከዚያ ስምምነቱ ለፊርማ ተከፈተ፣ አገር ሁሉ በየተራው ሄዶ ፈረመ፣ ጥር 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕግ ሆኖ ሥራ ጀመረ፣ የእኛ ፊርማ ግን እስካሁን የለም። ሱዳን ፈርማለች። ጅቡቲ ፈርማለች። ደቡብ አፍሪካና ናይጄሪያ ፈርመው አጽድቀዋል። እኛ ድምጹን ሰጥተን ብዕሩን ኪሳችን ከተትን።

ለምን? የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ ይቺው ናት። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።)

እኔ ደሴ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። «የደሴ መምህርና የኒውክሌር ቦምብ ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ከገዛ ቤቴም አልጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ያገናኘንን ነገር ላውራ።

ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሠፈራቸውን እዚሁ አድርገው ነበርና ከተማዋ ተመረጠች። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። አፄ ኃይለ ሥላሴ መሣሪያ ላይ ሆነው ወደ አውሮፕላን ሲያነጣጥሩ የሚያሳየው ፎቶ የዚያ ጊዜ ደሴ ነው። ተማሪዎቼ ፎቶውን በስልካቸው አይተውታል። ቦታው የራሳቸው ከተማ መሆኑን ስነግራቸው ግን «መምህር ደግሞ!» ብለው ይስቃሉ።

ያ ገና መጀመሪያው ነበር። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ተዋግቶ የተፈታው ጦር በቆረምና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ ደቡብ፣ ወደ እኛ አቅጣጫ ሲያፈገፍግ፣ ከሰማይ የመርዝ ጋዝ ወረደበት። አያቴ እዚያ ጦር ውስጥ ነበር፣ በባዶ እግሩ። ስለ ዘመቻው ብዙ አያወራም። ሣሩ ላይ ዘይት የመሰለ ጤዛ እንደነበረ፣ ሲረግጠው ምንም እንዳላለው፣ ሲመሽ ግን የእግሩ ቆዳ ውሃ ቋጥሮ መላላጥ እንደጀመረ፣ ከጎኑ የነበረው ሰው ዓይኑን እያሸ «ጨለመብኝ» እንዳለው፣ ይቺን ነግሮን ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። ሽታው የሰናፍጭ ነበር አሉ። እስኪሞት ድረስ ሰናፍጭ የቀረበበት ገበታ ላይ አልተቀመጠም። በጾም ወራት ሴቷ አያቴ ለእኛ ለልጆቹ ጓዳ ውስጥ ለብቻ ነበር የምትሰጠን፣ ሽታው እንዳይደርሰው በሩን ገርበብ አድርጋ።

ያኔ ሕግ አልነበረም እንዳትሉኝ። በ1917 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የመርዝ ጋዝን የሚከለክል ፕሮቶኮል ወጥቶ ነበር፤ ጣሊያንም ፈርማ አጽድቃዋለች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው መርዙ ከአውሮፕላን እንዴት ይረጭ እንደነበር አንድ በአንድ ተናገሩ። ሳምንት ሳይሞላ ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ይነሳ ብሎ ወሰነ።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ መሥሪያ ቤት ታሪክ የሚገባው። ይህ ሁሉ የደረሰበት አገር ምን አደረገ? «ሕግ ዋጋ የለውም፣ እኛም መርዝ እንሥራ» አላለም። ህዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ቁጥር 1653 የተባለውን ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ ረቂቁን ካቀረቡት አገሮች ከፊት የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። ውሳኔው የኒውክሌር መሣሪያ የተጠቀመ መንግሥት የድርጅቱን ቻርተር የጣሰ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ ወንጀል የፈጸመ ይቆጠር ይላል። በመግቢያው ላይ ያንኑ የ1917ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ይጠቅሳል። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምጸ ተአቅቦ አደረጉ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ናቸው። ሶቪየት ኅብረት ደገፈች፤ ከ25 ቀን በፊት ግን በዓለም ታሪክ ትልቁን ቦምብ ያፈነዳችው እሷው ነበረች! ፖለቲካ እንዲህ ነው መቼስ።

ከሁሉ በላይ ልብ በሉልኝ የምለው የውሳኔውን መጨረሻ ነው። የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የሚከለክል ስምምነት የሚፈረምበት ልዩ ጉባኤ ይጠራ ዘንድ፣ ዋና ጸሐፊው መንግሥታትን እንዲያማክር ይጠይቃል። እንግዲህ ያ ጉባኤ የመጣው ከ55 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2009 ነው። የጠየቅነው እኛ ነን። ሲመጣ ሄድን፣ ተደራደርን፣ ድምጽ ሰጠን። ሊፈረም ሲል ጠፋን። የራሱን ልጅ ሠርግ ደግሶ በዕለቱ የቀረ አባት ይመስል።

የተቀረው ታሪካችንም ያው ነው። በዚያው በ1954 ጄኔቫ ላይ 18 አገሮች ያሉበት የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ሲቋቋም ከየትኛውም ወገን ያልሆኑ ስምንት አገሮች ተመርጠው ገቡ፤ ከስምንቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚያግደው ስምምነት የተቀመረው እዚያ ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ በ1962 አጽድቀነዋል። የኒውክሌር ሙከራን የሚከለክለውን ፈርመን አጽድቀናል። አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ ቀጠና የሚያደርገውን የፔሊንዳባ ስምምነትም እንደዚሁ። ፈረንሳይ የካቲት 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቦምቧን አልጄሪያ ሰሃራ ውስጥ አፈነዳች፤ እስክትወጣ ድረስ እዚያ በረሃ 17 ጊዜ አፈንድታለች። በ1956 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች ካይሮ ላይ «አህጉራችን ከዚህ ነገር ነጻ ይሁን» ያሉት ያ ስላንገበገባቸው ነው። ድርጅቱ ደግሞ የተወለደው አዲስ አበባ ነው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዷ ፊርማ ብቻ ምን ሆና ቀረች?

እውነቱን ለማወቅ ደክሜያለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ደወልኩ፣ «የሚመለከተው ክፍል ይደውሉ» ተባልኩ። የሚመለከተው ክፍል «የድጋፍ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትዎ ይዘው ይምጡ» አለኝ። ርዕሰ መምህሬ «ስለ ምን ብዬ ልጻፍልህ?» ሲለኝ «ስለ ኒውክሌር ቦምብ» አልኩት። እንዴት እንዳየኝ ብታዩት። ከዚያ ወዲያ በግልጽ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

የኃያላኑን አቋም አውቃለሁ፤ የማንንም ምሥጢር አልጠየቅኩም። መጋቢት 2009 ድርድሩ ሲጀመር በወቅቱ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ኒኪ ሄሊ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ተወካዮች ጋር ከአዳራሹ ውጭ ቆመው እንደማይሳተፉ መግለጫ ሰጡ። የኒውክሌር ባለቤት የሆኑት ዘጠኙም አገሮች ድርሽ አላሉም። ስምምነቱ በጸደቀበት ቀን ሦስቱ፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ፣ መቼም አንፈርምም፣ መቼም አናጸድቅም፣ መቼም አባል አንሆንም ብለው በጋራ ጻፉ። ስዊድን ደግፋ ድምጽ ሰጥታ ነበር፤ የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላኩባት፣ በ2011 አልፈርምም አለች። ጥቅምት 2013 ላይ ስምምነቱ ሥራ ሊጀምር የጥቂት አገሮች ማጽደቂያ ሲቀረው፣ አሜሪካ ላጸደቁት አገሮች «ስህተት ሠርታችኋል፣ ውጡ» የሚል ደብዳቤ በተነች። አንድም አገር አልወጣም። ኔዘርላንድስ ራሷ ድርድሩ ላይ የተገኘችው በመንግሥቷ ፈቃድ አይደለም፤ ዜጎቿ ከ40 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ፓርላማ አስገቡ፣ ፓርላማው ደግሞ መንግሥትን «ሂድ» አለው። ሄዶ ተቃወመ። ቢያንስ ግን ሄደ፣ ሕዝቡም ለምን እንደተቃወመ ያውቃል።

እኛ ግን ለምን እንዳልፈረምን አናውቅም። ጎልቶ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። አሜሪካ «አንፈርምም» ስትል ምክንያቷን ትናገራለች፤ ምክንያቷ ባይጥመኝም ልከራከርበት እችላለሁ። ዝምታን ማን ይከራከረዋል?

እናንተ ካልነገራችሁን ሰው የሚለውን እየሰበሰብኩ ልመልስ።

«ኒውክሌር ማመንጫ ልንገነባ ነው፣ ከሩሲያ ጋር ተስማምተናል፣ አሁን ይህን ብንፈርም ነገሩ ይበላሻል» የሚል አለ። ይህ ትክክል አይደለም። ስምምነቱ የሚከለክለው ጦር መሣሪያውን ነው፤ ለሰላማዊ አገልግሎት የሚውለውን የኒውክሌር ኃይል የማይነካ መሆኑን በመግቢያው ጽፎታል። ደግሞ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ባንግላዴሽ ስምምነቱን አጽድቃለች፣ ሩፑር የተባለውን ማመንጫዋን የሚገነባላት ያው የሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም ነው። ካዛኪስታንም አጽድቃለች፣ ማመንጫዋን የሰጠችው ለሮሳቶም ነው። ካዛኪስታን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ሶቪየቶች ሴሚፓላቲንስክ ላይ በአራት አሥርት ዓመት ውስጥ 456 ጊዜ አፈንድተውባታል። እንዲያውም ማመንጫ የሚገነባ አገር «እኔ መብራት እንጂ ቦምብ አልፈልግም» ብሎ በፊርማ ቢያረጋግጥ ጎረቤት ይረጋጋል። የማን ጎረቤት የማንን ነገር በጥርጣሬ እንደሚያይ ለእናንተ አልነግራችሁም።

«ሩሲያና ቻይና ያሉበት ብሪክስ የተባለው የአገሮች ስብስብ ውስጥ ገብተናል፣ ሩሲያና ቻይና ቅር ይላቸዋል» የሚልም ሰምቻለሁ። ደቡብ አፍሪካ ብሪክስ ውስጥ ናት፣ አጽድቃለች። ኢንዶኔዥያ ብሪክስ ውስጥ ናት፣ አጽድቃለች። ብራዚል ፈርማለች። ማን ምን አላቸው? ደቡብ አፍሪካማ የራሷን ስድስት ቦምብ ሠርታ፣ የራሷን ስድስት ቦምብ አፍርሳ፣ በ1985 ዓ.ም. ለዓለም የተናገረች አገር ናት። ከምንም ተነስታ ሳይሆን ከልምድ ነው የምትናገረው።

«አሜሪካስ?» ፊሊፒንስ የአሜሪካ የጦር ኪዳን ወዳጅ ናት፣ አጽድቃለች። ኒውዚላንድም አጽድቃለች።

«እኛ ቦምብ የለንም፣ ለሌላቸው አገሮች መፈረም ምን ይረባል?» ይህ ከሁሉ ይበዛል፣ ከሁሉም ይሻላል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ባለፈው ቡና ላይ ጎረቤቴ፣ ትልቅ እናት ናቸው፣ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ መሆኑን ሰምተው «መምህር፣ እኛን ደግሞ ማን ቦምብ ሊጥልብን ነው? ምን አለንና?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ደሴ ላይ የኒውክሌር ቦምብ የሚጥል ያለ አይመስለኝም። ግን አንድ ነገር ነገርኳቸው። ነሐሴ 2014 ላይ የወጣ የሳይንቲስቶች ጥናት አለ። ከተሞች በኒውክሌር ሲቃጠሉ ጥቁር ጥላሸት ከዝናብ ደመና በላይ ይወጣል። ከደመና በላይ ስለሆነ ዝናብ አያጥበውም፣ ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል። ፀሐይ ይቀንሳል፣ ምድር ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ይዛባል፣ እህል ይጠፋል። ጥናቱ እንደሚለው ሕንድና ፓኪስታን ብቻቸውን ቢዋጉ ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሊሞት ይችላል፤ አሜሪካና ሩሲያ ቢዋጉ ከ5 ቢሊዮን በላይ። ቦምብ ሳይነካው፣ ቦምቡን ሳያይ፣ ፍንዳታውን ሳይሰማ የሚሞት ነው ይህ ሁሉ ሰው።

እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ዝናብ ከቀረማ ምኑን ቦምብ አስፈለገ» አሉ።

ወሎ ይህን ለማስረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም። 1966ን ያየ ሰው አለ። 1977ን ያየ ሰው በየቤቱ አለ። ለጋምቦ፣ ዋድላ ደላንታ፣ ደሴ ዙሪያ ደጋው ላይ ገብስ ዘርቶ በልግ ሲጠብቅ በልግ የቀረበትን ገበሬ «የሁለት ዓመት ፀሐይ ቢደበዝዝስ?» ብላችሁ ጠይቁት። የዓለም ስንዴ ሲጎድል ምን እንደሚሆንም አይተናል፤ ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ የዳቦ ዋጋ ፒያሳ ላይ ምን እንደሆነ አዲስ አበባ ሆናችሁም ቀምሳችሁታል። ስለዚህ ቦምቡ የእኛ አይደለም ማለት ጣጣው የእኛ አይደለም ማለት አይደለም። ወላሂ፣ ባለቤቶቹ ሲጫወቱበት መጀመሪያ የሚራበው እኛው ነን።

ደግሞ «አይተኩሱትም፣ ለማስፈራሪያ ነው» አትበሉኝ። መስከረም 15 ቀን 1976 ዓ.ም. ሌሊት፣ እዚህ ሰው ለደመራ ችቦ ሲያስር፣ የግሸን ተጓዥ ስንቁን ሲሰንቅ፣ ሞስኮ አጠገብ ባለ አንድ ምሽግ ውስጥ ኮምፒውተሩ «አሜሪካ አምስት ሚሳኤል ተኩሳለች» ብሎ ጮኸ። ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ አላመነውም፤ «የመሣሪያ ስህተት ነው» ብሎ ሪፖርት አደረገ። እውነትም ስህተት ነበር፣ ሳተላይቱ ደመና ላይ ያረፈ የፀሐይ ጨረር አይቶ ነው። በዚያ ሌሊት ሌላ ተረኛ ቢሆን ኖሮስ? እኛ ያን ጊዜ ችቦ እያሰርን ምንም አናውቅም።

ዛሬ ሁኔታው አልተሻለም። ሲፕሪ የተባለው የስዊድን የሰላም ጥናት ተቋም እንደ ፈረንጆቹ ጥር 2025 ላይ የቆጠረው የኒውክሌር አረር 12,241 ነው፤ አብዛኛው የአሜሪካና የሩሲያ ነው። በ1980ዎቹ የፈረንጅ ዘመን ከነበረው ከ60 ሺህ በላይ ጋር ሲነጻጸር ቀንሷል፣ እሱ እውነት ነው። ቅነሳው የመጣው ግን በስምምነት ነበር፣ አሁን ስምምነቶቹ አንድ በአንድ እየፈረሱ ነው። የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን ያጠፋው የ1980 ዓ.ም. ውል በ2011 ሞተ። ሁለቱ ኃያላን የተዘጋጁ አረሮቻቸውን በ1,550 የገደቡበት የ2002ቱ ውል ዕድሜ ጥር 28 ቀን 2018 ላይ አበቃ። የሙከራ ክልከላው ስምምነት ዛሬም ሥራ አልጀመረም፤ አሜሪካና ቻይና ፈርመው አላጸደቁም፣ ሩሲያ አጽድቃ በ2016 መልሳ ሰረዘች። እንዳይስፋፋ የሚያግደው ስምምነት አንቀጽ 6 ባለቤቶቹ በቅን ልቦና ተደራድረው ትጥቅ እንዲፈቱ ያዛል። ከ1962 ጀምሮ ነው የሚያዘው። በ2024 በፈረንጅ ብቻ ዘጠኙ አገሮች ለዚህ መሣሪያ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። ቅን ልቦናው የት እንዳለ ፈልጉልኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፣ ምክንያቱም ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል፣ እናንተም ሳትጠይቁ አትቀሩም። «ጣሊያን ፕሮቶኮሉን ፈርማ መርዙን ረጭታለች። ወረቀት አውሮፕላን ያቆማል?» አያቆምም። ለአያቴም አላቆመለትም።

ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አልቆመም። ከ1917ቱ ፕሮቶኮል በኋላ ሌላ ስምምነት መጣ፣ መጠቀም ብቻ ሳይሆን መሥራትን፣ ማከማቸትን፣ መያዝን የሚከለክል። የኬሚካል መሣሪያ ስምምነት ይባላል፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። በዚያ መሠረት አገሮች ያላቸውን አስመዘገቡ፣ ተቆጣጣሪ እያየ አቃጠሉ፣ አፈረሱ። ከ72 ሺህ ቶን በላይ። የመጨረሻውን የተመዘገበ ክምችት አሜሪካ ያጠፋችው ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አያቴን ያቃጠለው ዓይነት ሰናፍጭ ጋዝም በዚያ ውስጥ አለ። ሶሪያ ውስጥ ከስምምነቱ በኋላም መርዝ መረጨቱን አውቃለሁ፣ አልሸፋፍነውም። ቢሆንም ዛሬ «መርዝ ጋዝ ለአገሬ ደህንነት ያስፈልገኛል» ብሎ በአደባባይ የሚናገር መንግሥት የለም። በ1928 ግን ነበር። ነገሩን መጀመሪያ ነውር አደረጉት፣ ቀጥሎ ሕገወጥ፣ ቀጥሎ አቃጠሉት። መቶ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አለቀ። የኒውክሌሩ ክልከላም የተጻፈው በዚሁ መልክ ነው፦ መሥራት፣ መያዝ፣ መጠቀም፣ በእሱ ማስፈራራት፣ የሌላውን በግዛት ማስቀመጥ፣ ሁሉም ክልክል። ባለቤት የሆነ አገር ቢመጣ በጊዜ ገደብ እንዴት እንደሚያፈርስ መንገዱ ተጽፏል። በፍንዳታና በሙከራ የተጎዱ ሰዎች እንዲረዱም ያዛል፤ ይህን አንቀጽ ሳነብ ጋዙ የነካቸውና ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው የእኛ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

ሂሮሺማ ሐምሌ 30፣ ናጋሳኪ ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው የተመቱት። የተረፉት ጃፓኖች ማኅበር በ2017 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ዛሬም እየዞሩ «ፈርሙ» ይላሉ። የራሳቸው መንግሥት አልፈረመም፣ አሜሪካ በኒውክሌሯ ትከላከልልኛለች ብሎ በጥላዋ ሥር ነውና። እኛ በማንም የኒውክሌር ጥላ ሥር አይደለንም። ጃፓን ያላት ሰበብ እንኳ የለንም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ስምምነቱን ፈርሙት። ለመፈረም ትልቅ ጉባኤ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ሰነዱ ኒውዮርክ የመንግሥታቱ ድርጅት ዘንድ ክፍት ነው፤ መስከረም ላይ መሪዎች ለጠቅላላ ጉባኤ ሲሄዱ ደግሞ የፊርማ ሥነ ሥርዓት ይዘጋጃል፣ ብዕር ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ቀጥሎ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምሩት፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የማጽደቁ ሥልጣን የእሱ ነው፣ እዚያ ክርክር ይደረግበት፣ በቴሌቪዥን እንየው። የስምምነቱ የመጀመሪያ የግምገማ ጉባኤ ህዳር 2019 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ በደቡብ አፍሪካ ሰብሳቢነት ይካሄዳል። የማጽደቂያ ሰነዱ ከገባ በኋላ አባልነቱ የሚጸናው በ90 ቀን ነው፣ ስለዚህ ለዚያ ከደረሰ ኢትዮጵያ እንደ ሙሉ አባል ትቀመጣለች፤ ካልደረሰም በታዛቢነት ሰው ላኩ፣ ወንበሩ ባዶ አይሁን።

«አንፈርምም» ካላችሁም መብታችሁ ነው። ግን ምክንያቱን ጻፉልን። አንድ ገጽ ይበቃል። በድረ ገጻችሁ ላይ አውጡት፣ እኔ አትሜ ክፍል ውስጥ አነበዋለሁ፣ ከ1954ቱ ውሳኔ ጎን አስቀምጬ፣ ልጆቹ ሁለቱን ያነጻጽሩ። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ያሉት ክርክር ይወዳሉ፣ አይምሯችሁም።

ስምምነቱን ወደ አማርኛና ወደ ሌሎቹ ቋንቋዎቻችን አስተርጉሙልን፣ እሱንም እግረ መንገዴን ልለምን። ለተማሪዎቼ እስካሁን ከእንግሊዝኛው እያየሁ በቃል ነው የማስረዳቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ደሴ